ምግባረ ብልሹ ማለት ምን ያደረገ ነው?

አሸንፌያለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ታሪኩን ስትሰሙ በየመሃሉ «ወይ ጉድ፣ ምን ይውጣት ይሆን» እያላችሁ እንዳትጨነቁልኝ ነው። መጨነቁን እኔው ጨርሼዋለሁ፣ ለእናንተ የተረፈ የለም። እንዴት እንዳሸነፍኩ ግን ከጎረቤት ከምትሰሙት ከራሴ አፍ ብትሰሙት ይሻላል። ጎረቤቶቼ ከመጀመሪያውም ወሬውን አጣመው ነው የያዙት።

ሥራዬ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ነርስ አይደለሁም፣ ሐኪምም አይደለሁም፣ የማምከኛ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ሐኪም የሰው ሆድ ሲከፍት የሚይዘው መቀስ፣ መቆንጠጫው፣ ደም የሚጠርግበት ጨርቅ፣ ሁሉም አስቀድሞ በእኔ እጅ ያልፋል። እናጥባለን፣ እናደርቃለን፣ በወፍራም ጨርቅ እንጠቀልላለን፣ ጥቅሉን በቴፕ እናሽጋለን፣ ከዚያ እንፋሎት ማሽን ውስጥ አስገብተን እናመክናለን። ቴፑ እንዲሁ ተራ ቴፕ አይደለም። ሲገባ የነጣ መስመር አለው፤ እንፋሎቱ በደንብ ሲያገኘው መስመሩ ይጠቁራል። ኦፕሬሽን ክፍል ያሉ ነርሶች ጥቁሩን መስመር ሲያዩ «መክኗል» ብለው ይከፍቱታል። እኔ የፈረቃው አለቃ ስለሆንኩ ከማሽን የወጣውን አይቼ፣ ቴፑ ላይ ቀኑን ጽፌ እፈርማለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ፈርሜአለሁ።

የክፍላችን ዋና ኃላፊ ሽቶው ነው። ስሙ አይደለም፣ እኛ ያወጣንለት ነው፤ ምንም ሽታ በማይፈለግበት ክፍል ሽቶ ተነክሮ ስለሚመጣ። በዕድሜ ስምንት ዓመት እበልጠዋለሁ። የመጣ ሰሞን ጓንት እንዴት እንደሚጠለቅ ያሳየሁት እኔ ነኝ። እውነት ለመናገር ያኔ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለሹመት ግን በጣም ይቸኩል ነበር። አንድም ቀን እጁን አርሶ፣ ጥቅል ጠቅልሎ፣ ያገለገለ ቴፕ ከጨርቅ ላይ ልጦ አያውቅም። ወረቀት ይፈርማል፣ መስመር ያያል፣ ይሄዳል።

ማሽናችን ሁለት ነበር፤ ትልቁ ተበላሸ። ሽቶው ደግሞ ከወር በፊት ምንም ሳይፈትሽ «ሁለቱም ማሽኖች ተፈትሸው ደህና ናቸው» ብሎ ለበላዮቹ ጽፏል። አሁን ተበላሸ ቢል «ታዲያ ምኑን ፈተሽከው?» መባሉ ነው፤ ያን ሰሞን ለምክትል ሥራ አስኪያጅነት ታጭቷል። ዝም አለ። በትንሹ ማሽን ብቻ የቀኑ ሥራ እንደማያልቅ ለማንም ግልጽ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልፈርም ወደ መደርደሪያው ስሄድ ጥቅሎቹ ከሚገባው በላይ በዝተው አገኘኋቸው። ትንሹ ማሽን በዚያች ሰዓት ውስጥ ያን ሁሉ ሊያወጣ አይችልም፤ አቅሙን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። አንዱን አነሳሁ። መስመሩ ጥቁር ነው። የቴፑን ጫፍ ይዤ ሳብ ባደርገው ተነስቶ እጄ ላይ ቀረ።

ጨርቅ ላይ ሆኖ በእንፋሎት ያለፈ ቴፕ እንዲህ አይነሳም። ሙጫው ቀልጦ ጨርቁ ውስጥ ይገባል፤ ስትልጡት የጨርቁን ብናኝ ይዞ ይመጣል፣ የነበረበት ቦታ ላይም የሚያጣብቅ ጠባሳ ይተዋል። ልብስ ማጠቢያ ያሉት ሴቶች ሁልጊዜ የሚረግሙን በዚህ ነው። ይሄኛው ጥቅል ላይ ግን ምንም የለም፣ ጨርቁ ንጹሕ ነው። ቴፑን ለብቻው ትሪ ላይ ለጥፈው እንፋሎት ውስጥ አስገብተው አጥቁረውታል፤ ከዚያ አንስተው ማሽን ደጃፍ ያልደረሰ ጥቅል ላይ ለጥፈውታል። እንፋሎቱ ውስጥ ድረስ መግባቱን እንዲያሳይ ጥቅሉ ውስጥ የምናስቀምጠው ሌላው መመርመሪያ ወረቀት «አልቋል» ከተባለ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ለምን እንዳለቀ የገባኝ ያኔ ነው።

አጠገቤ የምትሠራ የሁለት ልጆች እናት አለች፣ ዝምተኛ ስለሆነች ጸጥታ ነው የምንላት። «ይሄን ማን ለጠፈው?» አልኳት። ጫማዋን አየች። «እትዬ፣ እኔን አትጠይቂኝ» አለችኝ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኳትም፤ ቀጥታ ሽቶው ቢሮ ገባሁ።

«አልፈርምም» አልኩት።

«መስመሩ ጥቁር አይደለም እንዴ? ሌላው ምን አገባሽ?»

«ሰው ሆድ ውስጥ የሚገባ ስለሆነ ያገባኛል።»

«ነገር አታካብጂ። ለጥቂት ቀን ነው።»

ደሜ ፈላ። ተመልሼ መደርደሪያው ያለበትን የመጋዘኑን በር ቆለፍኩት፣ ቁልፉን ደረቴ ውስጥ ከተትኩት፣ ኦፕሬሽን ክፍል ደውዬ «ዛሬ ከእኛ የወጣውን አትክፈቱ» አልኩ። የዚያን ቀን ሦስት ኦፕሬሽን ወደ ማግስቱ ተዛወረ። ሽቶው ዓይኑን በጨው አጥቦ አለቆቹን ይዞ መጣና በሩን በሌላ ቁልፍ አስከፍቶ ጥቁር በጥቁር የሆኑትን መስመሮች አንድ በአንድ አሳያቸው። «የግል ጠብ አላት፣ ነገር እየፈለገች ነው» አላቸው። እነሱም መስመሩን አይተው «ደህና ነው» ብለው ሄዱ።

በሁለተኛው ቀን ደብዳቤ ተሰጠኝ። ግልባጩ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ይዘቱ አንዲት መስመር ነው፦ «በተደጋጋሚ በታየባቸው ምግባረ ብልሹነት ምክንያት ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ተሰናብተዋል።»

እስቲ ይቺን ቃል ልብ በሏት። ሌባ ቢለኝ «ምን ሰረቅኩ?» እለው ነበር። ሰካራም ቢለኝ «የት ሰከርኩ?» እለው ነበር። ምግባረ ብልሹ የተባለ ሰው ግን መልስ የለውም። ተማሪ ሲባል ክፍል የሚረብሽ ነው፣ ሹም ሲባል ጉቦ የሚበላ ነው፣ ሽማግሌ ሲባል የሚጠጣ ነው። ሴት ስትባል ደግሞ፣ በተለይ እንደ እኔ ባሏን ፈታ አሥር ዓመት ለብቻዋ የኖረች ሴት ስትባል፣ ሰዉ ሁሉ ሳይነገረው ያውቀዋል። ሰሚው ልቡ ውስጥ ያለውን ነው የሚሞላበት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እኔ ዘንድ ግን ቶሎ ደረሰ። የሰፈራችን ባለሱቅ ሳሙና ስታቀብለኝ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ «እኔ እንኳ ጭራሽ አላመንኩም» አለችኝ። ላመሰግናት አፌን ስከፍት «ሰውየው ባለትዳር ነው ወይ?» ብላ ጨመረች። ሳሙናውን ትቼላት ወጣሁ።

አንድ የግል ክሊኒክ ሥራ ልጠይቅ ሄድኩ። ሰውየው ሃያ ሁለት ዓመት ሲሰማ ፊቱ በርቶ ነበር። ደብዳቤውን ሲያነብ ግን በሁለት ጣቱ ይዞ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና «እናሳውቅዎታለን» አለኝ። አላሳወቀኝም። ቃሏ ደብዳቤዬ ላይ እስካለች ድረስ የትም ማምከኛ ክፍል ደጃፍ እንደማልረግጥ ገባኝ፤ እኔ ደግሞ ከዚህ ሌላ ሙያ የለኝም።

የባሰው ግን ይሄ ነው። ደብዳቤው በደረሰኝ ማግስት ለኦፕሬሽን ክፍሉ ዋና ነርስ ደወልኩ። ያን ጥቅል ቴፑን ልጣችሁ እዩት፣ ሰው ትገድላላችሁ፣ አልኳት። «ይቅርታ፣ ከተሰናበተ ሰው መመሪያ አልቀበልም» ብላ ዘጋችው። ለአስተዳደሩም ጻፍኩ፤ መልስ የለም። ምግባረ ብልሹ የተባለች ሴት የምትለውን ማን ይሰማል? የዚያን ቀን ማታ አለቀስኩ። ስለ ስሜ አለቀስኩ፣ ስለማላውቃቸው በሽተኞችም አለቀስኩ።

የምኖረው ከአባቴ ጋር ነው። አባባ ሠላሳ አራት ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ደብዳቤውን ከሰጠኋቸው ቀን ጀምሮ ሦስት ቀን ሙሉ አላናገሩኝም። ያነቡታል፣ ያጥፉታል፣ ደግሞ ይዘረጉታል። እራት ላይ ቀና ብለው አያዩኝም። በአራተኛው ቀን ጠዋት መነጽራቸውን አውልቀው «አንቺ፣ ምን አደረግሽ?» አሉኝ።

ንዴት ያዘኝ እንግዲህ። «እርስዎም? የሰፈሩ ሁሉ አልበቃኝም? አባቴ ሆነው እርስዎም?»

«ቁጭ በይ። ሳትሰሚኝ አትጩሂ። እዚህ ደብዳቤ ላይ ምን አደረግሽ ይላል ነው የምልሽ። ሦስት ቀን ሙሉ ፈለግኩት፣ የለም። ድርጊት የሌለበት ክስ አይቼ አላውቅም። መዝገብ ቤት ቢመጣልኝ በዚያው በር ነበር የምመልሰው።»

እኔ ያፈሩብኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ለካ እንደ ልማዳቸው መዝገብ ሲመረምሩ ነበር። ሄጄ ግንባራቸውን ሳምኳቸው፤ «ልቀቂኝ፣ መነጽሬን ትሰብሪዋለሽ» አሉኝ።

ይግባኝ ለማለት ከተሰጠኝ አሥር ቀን የቀረኝ ስድስት ነበር። እኔ ስድስት ገጽ ጽፌ መጣሁ፤ ሽቶውን ከነዘር ማንዘሩ አንስቼዋለሁ። አባባ አነበቡት፣ ደስ ብሏቸውም ሳቁ፣ ከዚያ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ይሄ ለእኔ ይሁን። ለእነሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል» ብለው በዚያ ባማረ እጃቸው ጻፉልኝ፦ «ምግባረ ብልሹ የተባልኩት ምን አድርጌ እንደሆነ ይነገረኝ።» ጸጥታ ስልክ ደውላ «እትዬ፣ አይዞሽ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለችኝ። እያደር የሚባል ጊዜ የለኝም፣ ያውም ሰው እየተቀደደ ነው፣ ብያት ዘጋሁባት። በኋላ ቆጨኝ።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ጠራኝ። አባባ አብረውኝ መጡ፤ መግባት ስላልተፈቀደላቸው ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ውስጥ አራት ሰዎች አሉ። ሰብሳቢዋ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ናቸው፤ ከሥልጠና የተመለሱት የዚያኑ ሳምንት ነው፣ የሆነውን አያውቁም። አጠገባቸው የሠራተኛ አስተዳደሩ ኃላፊ፣ የንብረት ክፍሉ ሰውና የሠራተኞች ተወካዩ ተቀምጠዋል። ሽቶው ከሳሽ ነውና ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ሽታው ከእሱ ቀድሞ ነው የገባው።

ሰብሳቢዋ ወረቀቴን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ጥያቄዋ አጭር ነው፣ ይመለስላት» አሉ።

«ዶክተር፣ ደብዳቤው ላይ ተገልጿል። ምግባረ ብልሹነት ነው» አለ ሽቶው።

«እሱንማ እሷም አንብባዋለች። ምን አደረገች?»

«ያው ባሕሪዋ ይታወቃል።»

«እኔ አላውቀውም።»

ያኔ እጄን አወጣሁና «ዶክተር፣ ፈቃድዎ ከሆነ የሚያውቁትን እኔ ልጠይቅ» አልኩ። ራሳቸውን ነቅንቀው ፈቀዱልኝ። መጀመሪያ ደብዳቤው ላይ ማህተም የመታውን የሠራተኛ አስተዳደር ጠየቅኩት፦ ስታትምበት ምን አድርጋለች ብለህ ነው?

«እኔ... ከሥራ መቅረት መስሎኝ ነበር።»

«ማህደሬ እጅህ ላይ ነው። ስንት ቀን ቀርቻለሁ?»

ገለጠ፣ ገለጠ። «አራት ቀን» አለ ቀስ ብሎ። «ለእናትዎ ቀብር።»

ወደ ንብረት ክፍሉ ሰው ዞርኩ። እሱ ደግሞ መቀስ የጠፋ መስሎት መዝገቡን ሲያስቆጥር ሰንብቷል። አንድም የጎደለ የለም። የሠራተኞች ተወካዩ ተራው ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ውሃ ጠጣ፣ እንደገና ጠረገ። «እኔ እንኳ... ያው የወንድና የሴት ነገር ነው ሲባል ሰምቼ...»

«ከማን ጋር?»

«እሱን አልነገሩኝም።»

«ሲነግሩህ ንገረኝ፣ እኔም ልወቀው።»

ሰብሳቢዋ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። «ዶክተር» አልኩ፣ «በአንድ ቃል ሰነፍም፣ ሌባም፣ ባለጌም ተደርጌአለሁ። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ለመሆን ፈረቃዬ አይበቃም። ከሦስቱ የትኛው ነኝ?»

ሰብሳቢዋ የመተዳደሪያ ደንቡን ከፍተው ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው አነበቡ፦ «ምግባረ ብልሹነት ማለት ሠራተኛው አውቆ የታካሚን ደኅንነት ወይም የተቋሙን መታመን የሚጎዳ ድርጊት ሲፈጽም ነው። ድርጊቱ፣ ቀኑና ቦታው በጽሑፍ ይገለጻል።» ከዚያ ሽቶውን አዩት። «ድርጊቱ?»

መውጫ ሲያጣ የያዘውን ወረወረ። «መጋዘን ቆልፋ ሦስት ኦፕሬሽን አስተጓጉላለች።»

እግዚአብሔር ይስጠው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስጠብቅ የነበረው ድርጊት መጣልኝ። «አዎ፣ ቆልፌአለሁ» አልኩ። ሦስቱም ሰዎች ቀና አሉ። «የቆለፍኩት ውስጡ ያልመከነ ዕቃ ስለነበረ ነው። ዛሬም አለ። ከመደርደሪያው የፈለጋችሁትን አምስት ጥቅል አስመጡና እዩት።»

ሽቶው ሳቀ። «ይምጣ፣ መስመሩን ይዩት።» ልብ በሉ፣ እውነቱን ነው፣ አልፈራም። ለእሱ ማምከን ማለት ጥቁር መስመር ነው፣ መስመሩ ደግሞ አለ።

የሠራተኞች ተወካዩ ሄዶ ጥቅሎቹን በጋሪ አመጣ፤ ጋሪውን የምትገፋው ጸጥታ ነበረች። አላየችኝም። በሩ አጠገብ ቆመች።

«ዶክተር፣ መስመሩን አይዩ፣ ቴፑን ይላጡት» አልኩ። አንደኛውን ላጡት። እየታገለ፣ የጨርቅ ብናኝ ይዞ ተነሳ፤ ጠባሳው ጨርቁ ላይ ቀረ። «በእንፋሎት ያለፈ ማለት ይሄ ነው» አልኩ። ሁለተኛውን ላጡት፣ ያው ነው። ሦስተኛው፣ ያው። አራተኛውም ሲነሳ ብናኙ ሲቦን አየሁት። ሽቶው ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ። በልቤ «አቁሞታል፤ እኔ እዚህ ስንጣጣ ማሽኑን አሠርቶታል፤ አለቀልኝ» አልኩ። ስለ በሽተኞቹ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ፣ የዚያች ደቂቃ አልተደሰትኩም።

አምስተኛውን ያዙ። የቴፑን ጫፍ ሲነኩት ሙሉው ተነስቶ ጣታቸው ላይ ተንጠለጠለ። ከስሩ ያለው ጨርቅ ንጹሕ፣ ምንም ያልነካው ነው።

ሰብሳቢዋ ቴፑን ወደ ብርሃን አነሱት። እኚህ ሴት በእነዚህ ጥቅሎች የሰው ሆድ የሚከፍቱ ናቸው፤ ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁት።

«እሷ ራሷ ተንኮል ሠርታ አስቀምጣው ይሆናል» አለ ሽቶው።

«ቀኑ የትናንት ነው» አሉ ሰብሳቢዋ። «እሷ ከወጣች ዘጠኝ ቀኗ ነው። ፊርማው ደግሞ የእርስዎ ነው።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄው ነው። እኔ አልፈርምም ስላልኩ፣ የሚፈርም ሌላ ሰው ስላጣ፣ በገዛ እጁ ሲፈርም ሰንብቷል። አሁንም አፉን ሊከፍት ሲል ከበሩ አጠገብ ድምፅ መጣ።

«አራቱን እሳቸው አነሱ» አለች ጸጥታ፣ ወደ ተወካዩ እያመለከተች። «አምስተኛውን ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። የለጠፍኩትም እኔ ነኝ። ቴፑን ትሪ ላይ አጥቁረን እንድንለጥፍ ያዘዘን እሱ ነው። እምቢ ብል እንደ እትዬ በምግባረ ብልሹነት ነው የምጽፍብሽ አለኝ። ባለቤቴ ያንን ቃል ቢያነብ ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁ።» የጋሪውን እጀታ እንደጨበጠች ሳታቋርጥ ነው የምትናገረው። «የቀሩትን ላሳያችሁ እችላለሁ። የትኞቹ እንደሆኑ አውቃለሁ።»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ስልክ የዘጋሁባት ሴት፣ እንጀራዋን ይዛ ገደል አፋፍ ላይ ቆማ መሰከረችልኝ። ተነስቼ እጇን ያዝኩት፤ በረዶ ሆኖ ነበር።

ሰብሳቢዋ ጊዜ አላጠፉም። ስልክ አንስተው ኦፕሬሽን ሁሉ እንዲቆም፣ ከመጋዘን የወጣው ጥቅል በሙሉ እንዲመለስ፣ በእነዚያ ቀናት የታከሙት ሰዎች አንድ በአንድ ተጠርተው እንዲታዩ አዘዙ። ለማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ሁለቱ ቁስላቸው አመርቅዞ ተገኘ፤ ቶሎ ስለተደረሰላቸው ድነዋል። ከዚያ ወደ ሠራተኛ አስተዳደሩ ዞረው «ጻፍ» አሉት። የእኔን ስንብት ሰረዙ። ሽቶው ጋ ሲደርሱ «በፈጸሙት ምግባረ ብልሹነት ምክንያት ከኃላፊነት ታግደው...» ማለት ጀመሩ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እንደሱ እንዳይጻፍ» አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ሽቶው ራሱ ቀና አለ፤ ምናልባት የራራሁለት መስሎት ይሆናል። አልራራሁለትም።

«ይቺን ቃል እኔ ዘጠኝ ቀን ተሸክሜአታለሁ፣ አውቃታለሁ። ሰሌዳው ላይ ሲያነቧት አንዱ ሴት አሳደደ ይላል፣ አንዱ ጉቦ በላ ይላል፣ ሌላው ደግሞ ምስኪን፣ ጠላት በዝቶበት ነው ይላል። ያደረገው መሃል ላይ ይጠፋል። ደንቡም ድርጊቱ ይገለጽ ነው የሚለው፤ አሁን አንብበውታል። ያደረገው ይጻፍ።»

ሰብሳቢዋ ትንሽ አሰቡ። «አንቺ ንገሪው፣ እሱ ይጻፈው» አሉኝ።

እኔም ተናገርኩ፣ እሱም ጻፈ፦ ያልመከነ የቀዶ ሕክምና ዕቃ መክኗል የሚል ምልክት አስለጥፎ፣ በራሱ ፊርማ ወደ በሽተኞች ልኳል። ድርጊቱን ያልተቀበለችውን ሠራተኛ ስሟን አጥፍቶ አሰናብቷል። ሌላዋን በዚያው አስፈራርቶ አሠርቷታል። ከእነቀኑ፣ ከእነቦታው። ሽቶው የመጀመሪያውን ቃል ሲሰማ አንገቱን አልደፋም ነበር፤ ይሄ ሲነበብለት ግን ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። የእኔ ደብዳቤ ላይም ምስጉን፣ ታታሪ የሚል ነገር እንዳይገባ ጠየቅኩ፤ እሱም ያው ባዶ ነው። የተጻፈው ይሄ ነው፦ ያልመከነ ዕቃ አልፈርምም ብለው መጋዘኑን ቆልፈዋል፤ ትክክል ነበሩ።

ስወጣ አባባ ከአግዳሚው ተነሱ። ግድግዳው ስስ ነው፣ ሁሉንም ሰምተዋል። ምንም ሳይሉ ደብዳቤውን ከእጄ ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉና ኮሪደሩ መሃል ቆመው አነበቡት። የሚያልፈው ሁሉ እየተገፋፋ ዞሯቸው ያልፋል። ሲጨርሱ «ይሄ መዝገብ ይገባል» አሉኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «በይ ሂጂ፣ ሰው እየጠበቀሽ ነው፤ እኔ ለባለሱቋ አነብላታለሁ።»

እውነትም ሰው ይጠብቅ ነበር። ከሌሊት ጀምሮ ትርፍ አንጀት የያዘው አንድ መምህር ኦፕሬሽን ክፍል ደጃፍ ተኝቷል፤ የሚነካበት አንድ የታመነ መቀስ በሆስፒታሉ የለም። ጸጥታና እኔ ልብሳችንን ቀይረን ገባን። አጠብን፣ አደረቅን፣ ጠቀለልን። «አልቋል» የተባለው፣ ውስጡ የሚገባው መመርመሪያ ወረቀት ሽቶው ቁም ሣጥን ውስጥ ሁለት ሙሉ ካርቶን ተገኘ። ትንሹን ማሽን አስነሳነው። እሱ ሲያፏጭ ጸጥታ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታንጎራጉር ሰማኋት፤ ድምፅዋ ለካ ጥሩ ነው።

ጥቅሉ ወጥቶ ሲደርቅ አየሁት፣ ዙሪያውን ዳበስኩት፣ ቀኑን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። በመስኮቱ ላቀብል ስዞር ሰብሳቢዋ ሐኪም ራሳቸው ቆባቸውን አድርገው፣ አፋቸውን ሸፍነው ቆመዋል። እንደ ጠዋቱ ቴፑን ሊልጡት ጣታቸውን ወደ ጫፉ ሰደዱ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ተመለከቱት።

«ማን ነው የፈረመው?»

«እኔ ነኝ።»

እጃቸውን ከቴፑ ላይ አነሱ። «እንግዲያው ይግባ» አሉና ጥቅሉን ታቅፈው ወደ በሽተኛው ሄዱ።